ስድስት ያለቁ ባትሪዎች

«ያለቀ ባትሪ ጠቅልሎ መንገድ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለችኝ ባለቤቴ። እውነቷን ነው። በዘንቢሌ ውስጥ የያዝኩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቴፕ፣ አንድ ካሴትና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋዮች ነበር። ባትሪዎቹን ከሰፈራችን ዘበኛ የእጅ መብራትና ከጎረቤት ሬዲዮ ለምኜ ነው የሰበሰብኳቸው። አዲስ መግዛት አቅቶኝ አይደለም፤ አዲስ ባትሪ ለምሄድበት ጉዳይ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ላስረዳት ብል ከጎረምሳነቴ መጀመር ነበረብኝ፣ መኪናው ደግሞ አይጠብቅም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር አጣብቄ ተቀመጥኩ። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ መንገድ ያደክመኛል፤ እውነቱን ለመናገር ቤት ስቀመጥም ያደክመኛል። ጣርማ በርን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ሲጀምር ሾፌሩ መዝሙር ከፈተ። ገና ጊታሩ ሲጀምር አወቅሁት። በቅርቡ ስሙ የገነነ አንድ ወጣት ዘማሪ እንደገና የሠራው ነው። መሣሪያው በዝቷል፣ ከበሮው ከብዷል፣ ግጥሙ ግን ያው ነው።

ደጅህ ስንት ቀረው፣ እግሬ ዛለ ጌታ፣
ካልደረስኩ በቀኔ፣ ተቀበለኝ ማታ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዜማው እየፈጠነ፣ ድምፁ እየቀጠነ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ዘማሪው ሁሉም ሰው የሚጠብቃትን ያችን አጭር ጩኸት፣ «ኢህ!» የምትለዋን፣ አሰማ። ተሳፋሪው አብሮ «ኢህ!» አለና አጨበጨበ።

«ይሄ እኮ የጥንት ነው፣ ፋዘር» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት። «መጀመሪያ የዘመረው ሰውዬ መንዜ ነው አሉ። መጨረሻው ላይ መንፈስ ነክቶት ነው እንዲህ የሮጠው። ከሱ ወዲህ በጊታር የሚዘምር ሁሉ እንደሱ ነው የሚጨርሰው።»

«እንደዚያ ይላሉ» አልኩት።

መንፈስ ሳይሆን ባትሪ መሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። አንደኛው፣ ጋሽ ንጋቱ፣ መስከረም ሲያልቅ ዐረፈ። የምሄደው ለአርባው ነው።

ልጁ አስካለ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሲመጡ ያንን ካሴት ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። «የአባቴ ድምፅ በስልኬ ላይ እንኳ የለኝም። ስልክ አይወድም ነበር፣ ያውቁታል። ያለኝ ያ መዝሙር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቴ አይመስለኝም። እውነት እሱ ነው የዘመረው?»

«እመጣለሁ» አልኳት። 

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አጎቴ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አምጥቶልኝ ስለነበር፣ ሞላሌ ውስጥ ካሴት ከካሴት የሚቀዳ ከእኔ በቀር አልነበረም። የገበያ ዕለት ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። አንዱ መዝሙር ያስቀዳል፣ ሌላው አረብ አገር ላለች ልጁ በድምፁ ደብዳቤ ይልካል። እኔም ፀጉሬን በቅባት አበጥሬ፣ ከከተማው አስተዳዳሪ ያላነሰ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ያን ጊዜ የነበረኝን ኩራት ሳስበው አሁን ራሱ ያደክመኛል።

ጋሽ ንጋቱን የከተማው ሰው «አሥር አለቃ» ነበር የሚለው። በቀድሞው ጦር የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን እስከ መንዝ በእግሩ መጣ። ሌላው ወታደር ብርድ ልብሱን ሲሸከም እሱ በጀርባው ያዘለው ጊታሩን ነበር። በየመንደሩ እየተጫወተ፣ ቆሎና ውሃ እየሰጡት፣ ክረምቱ ሲገባ አባቱ ደጅ ደረሰ። የአባቱ እርሻ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሲመጣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሲቀመጥና ሲነሣ ላየው ግን ሃምሳ ያለፈው ይመስል ነበር።

ይህ ሰው ስለት ነበረበት። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል መሣሪያ አስታጥቀውት ከተዋጊው ጋር አንድ ሸለቆ ውስጥ ተከበው ሳለ፣ የአገሩን ሚካኤል «ከዚህ ካወጣኸኝ ይህችን በእጄ ያለችውን ጊታር አገባልሃለሁ» ብሎ ተሳለ። በእኛ አገር ሰው የሚሳለው ጃንጥላ ነው፣ ምንጣፍ ነው፣ ሻማ ነው፣ የሞላለት ደግሞ ሰንጋ። ጊታር የተሳለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ማርያም ነገሩ አስጨንቋቸው ነበር። እኔ ባለሁበት ነው የመከሩት።

«ልጄ ንጋቱ፣ ጃንጥላ ብታገባ ይበቃሃል። ሚካኤል ጊታር ምን ያደርግለታል? ለዚህ ለዚህ እኔ እፈታሃለሁ።»

«ይፍቱኝ፣ አባ። ያን ቀን ግን ጃንጥላ በእጄ አልነበረም።»

አባ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ። «መቼም የሌለህን አልተሳልክ» አሉና ተዉት።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ጋሽ ንጋቱ ጊታሩን በባና ጠቅልሎ እኛ ቤት መጣ። ባና ማለት ያ የመንዝ በግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ሲለብሱት ይከብዳል፣ ሲያወልቁት ይበርዳል። ሌላውን እጁን አንድ የወታደር ካልሲ ውስጥ ከትቶ ስድስት አዳዲስ ባትሪዎች አወጣና አንድ በአንድ መደቡ ላይ ደረደራቸው። በዚያ ሰሞን ከተማችን ውስጥ የማይገኝ ባትሪ ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩትም።

«ለኅዳር ሚካኤል አስረክባታለሁ» አለኝ። «የምሰጠው እንጨቱን ብቻ አይደለም፤ መጫወቱንም ነው። ከዚያ ወዲያ ጊታር አልነካም። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ከዚያ በፊት እዚህ ካሴት ላይ አስቀምጥልኝ። ስምንት ናቸው። ሰባቱ በጊታር ብቻ፣ አንዷ በድምፅ። ድምፅ እንኳ የለኝም፣ አንዷን ግን ተሳስቼም ቢሆን ልዘምራት።»

«ምን ችግር አለ፣ ጋሼ!»

«አንድ ነገር ብቻ። እነዚህ ባትሪዎች ለቀረጻው ናቸው። እየቀዳን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንሰማለን። ዘፈን አትክፈትባቸው፣ ለሰው አታሰማባቸው። ሌላ የለኝም።»

ማልኩለት። በማን እንደማልኩ መናገር ያሳፍረኛል፤ በራሱ በሚካኤል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ገብስ ሲያጭድ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ ገለባው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ይመጣል። እናቴ የበግ ፀጉር የምታከማችበትን ክፍል ለቀቀችልን። ግድግዳውን በባና ሸፈንነው። ክፍሉ የላብና የጠቦት ሽታ ነበረው። ጊታሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ጋሽ ንጋቱ የአንድ የሞተ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ከአጎቴ መኪና ባትሪ ጋር አገናኘው። ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ስለነበር በወረቀትና በሙጫ ለጥፎታል፤ ጊታሩ ሲመታ ይሻክራል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ያሉ ተጫዋቾች ያንን ሻካራ ድምፅ ለማምጣት በውድ ዕቃ ሲደክሙ ሰምቻለሁ። የመኪናውን ባትሪ ከቴፑ ጋር ማገናኘት ግን አልደፈርንም፣ ይቃጠላል ብለን። ቴፑ የሚሠራው በእነዚያ በስድስቱ ብቻ ነበር።

አጨዋወቱን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ዜማው የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው፤ ምቱ ግን ከባንዱ የተማረው፣ ወለሉን በእግር የሚያስደበድብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከከተማው ሰው ግማሹ «ጴንጤ ሆኗል» ይላል፣ ግማሹ «ጦርነቱ ነው ያሳበደው» ይላል። እሱ ግን መጫወቱን ነው። አንድ ዜማ ሲጨርስ ጣቶቹን እፍ፣ እፍ ይላቸዋል። ቆሎ እንበላለን፣ አንድ ጊዜ እንሰማለን፣ ይሄዳል።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ ማንም ሳያውቅልኝ? በሦስተኛው ቀን ቴፑን ታቅፌ እትዬ የሺመቤት ሻይ ቤት ሄድኩ። እትዬ የሺመቤት ወንድ ልጃቸው ጦሩ ውስጥ ገብቶ የቀረ ሴት ናቸው። ሞተም፣ አለም ያላቸው የለም፤ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጡም። ካሴቱን ስከፍት ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ የዳቦ ቢላቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ልጄ፣ ይቺን ድገማት» አሉኝ።

ደገምኳት። በማግሥቱም ሄድኩ፣ ከማግሥቱ ወዲያም። ብዙ ዘመን ለራሴ ስናገር የኖርኩት «ለእትዬ አዝኜ ነው» እያልኩ ነው። ውሸት ነው። እትዬ ሲያለቅሱ ዐይቼ ደስ ያለኝ፣ መሐል ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ማየቴ ነበር። ሻይ በነፃ፣ ዳቦ በነፃ፣ «አንተ ልጅ የት ነው ያገኘኸው?» በነፃ። ሰባቱን ዜማዎች በየቀኑ ለሁለት ሳምንት አጫወትኳቸው።

ስምንተኛዋ ለኅዳር አሥራ አንድ ቀረች፤ ለበዓሉ ዋዜማ። ጋሽ ንጋቱ ሆን ብሎ ነው ያስቀራት፤ «ስጨርስ ልዘምራትና በዚያው ልሰናበት» ብሎ። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ቴፑን ስነካው ካሴቱ እየተንፏቀቀ ሄደ።  ባትሪዎቹን አውጥቼ ደጅ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፣ አንድ በአንድ በጥርሴ ነከስኳቸው። የኅዳር ፀሐይ ደግ ነች፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ዘራችባቸው። ሱቅ ሁሉ ዞርኩ፣ ባትሪ የለም። ጋሽ ንጋቱ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጊታሩን ቃኘ።

«ባትሪው ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

መዘመር ጀመረ። የጠበቅኩት ዐይነት መዝሙር አልነበረም። ከሰሜን በእግሩ ሲመጣ፣ እግሩ ደም እያወጣ በየምሽቱ ለራሱ ያንጎራጎራት ነች። ሲጀምር በዝግታ ጀመረ፣ እየሄደም ይበልጥ እየዘገየ፣ ድምፁም እየወረደ ሄደ። በሁለት ስንኞች መሐል ይተነፍሳል። በመጨረሻው አዝማች ላይ «እህህ» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ የዘፈን አይደለም፣ የሸክም ነው። እኔ ግን ፊቱን አልነበረም የማየው። የማየው የካሴቱን መንኮራኩር ነበር። እየዘገየች፣ እየዘገየች ስትሄድ ዐየኋት። አቁም ልለው ይገባኝ ነበር። «ጋሼ፣ ባትሪው እያለቀ ነው፣ ዛሬውኑ አንድ ቦታ እንፈልግ» ብለው ፈረስ ተውሰን ቀየት ከተማ ድረስም ቢሆን እንሄድ ነበር። አቁም ብለው ግን ባትሪው ለምን እንዳለቀ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖሯል።

ሲጨርስ «አንሰማውም?» አላለኝም። የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ አላላቸው። «ትረፍ» አለ። በባናው ጠቀለላትና ወጣ።

በማግሥቱ ሚካኤል ነገሠ። ታቦቱ ከገባ በኋላ እንደ ልማዱ የስለቱ ዕቃ ለጨረታ ወጣ፤ ገቢው ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕቃው ከነበረከቱ ለገዢው። ጃንጥላዎቹ ሄዱ፣ ምንጣፎቹ ሄዱ። ከዚያ የሰበካው ሊቀመንበር ጊታሯን በአንገቷ አንጠልጥለው አነሡ።

«ይኸ ደግሞ… ይኸ የፈረንጅ ክራር ነው። የስለት ነው፣ በረከት ነው! ማን ነው የሚገዛ?»

ሕዝቡ ሳቀ። «ዘፋኝ ይግዛው!» አለ አንዱ። ጋሽ ንጋቱ ከሰዉ ኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ከጋቢው ሥር የግራ እጁ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው፤ ልክ ክር እንደሚይዙ።

«ሙክቴን!» አለ የሴት ድምፅ። እትዬ የሺመቤት ነበሩ።

«ሙክት በግ? ለዚህ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ሙክት ነው ያልኩ። የእኔም ልጅ ወታደር ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እትዬ ጊታሯን ሻይ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ማንም እንዲነካት አልፈቀዱም። እሳቸው ሲያርፉ ለሚካኤል መልሰው ተናዘዟት፤ ሁለተኛ የሚገዛት አልተገኘም፣ አሁንም ዕቃ ቤት ነች ይባላል።

ከበዓሉ በኋላ አጎቴ አዲስ ባትሪ አመጣልኝ። ብቻዬን ሆኜ ስምንተኛዋን ከፈትኳት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ መሮጥ ጀመረች። ቴፑ ሲቀዳ እየደከመ ስለሄደ፣ ባለ ሙሉ ጉልበት ባትሪ ሲገባበት ያ ሁሉ የዘገየው ነገር ፈጠነ። ድምፁ ቀጠነ፣ ጊታሩ ዘለለ፣ ያች የሸክም ትንፋሽ «ኢህ!» ሆነች። ተቀምጬ አለቀስኩ። ጊታሩ የለም፣ ሰውየውም ሁለተኛ አይጫወትም።

ሻይ ቤቱ ግን ወደዳት! ከሰባቱ ይልቅ እሷን። «ያቺን የምትሮጠዋን!» ይላሉ። የሚያጨበጭቡ ነበሩ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ሲስቁ ዐይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙ ገብቶ ሻይና ደረቅ ዳቦ ብቻ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ጋሽ ንጋቱ ከውቂያ መጥቶ ገባ። ካሴቱን ላጠፋ ስል ሰዎች እጄን ያዙኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«አንተ ነህ፣ ጋሼ።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «እኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የማያውቀውን ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው።

ሲወጣ ተከትዬው ሄጄ ከከብት መጠጫው ዘንድ ሁሉንም ነገርኩት። መሐላዬን ማፍረሴን፣ ሻይ ቤቱን፣ የመንኮራኩሯን መዘግየት፣ «ደህና ነው» ማለቴን። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። 

«ሰዉ ወዶታል አይደል?» አለኝ። «እንግዲህ ደስ ያለው ሰው መስማት ከፈለጉ ይስሙ። የነገርከኝን ለሌላ አትናገር። የደከመውን የሚፈልግ ከመጣ እኔ አለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። የአጎቴ መኪና የካሴቱን ቅጂ አዲስ አበባ አደረሰችው፣ ቅጂው ቅጂ ወለደ። በጊታር የሚዘምሩ ልጆች ያንን ሻካራ ድምፅ፣ ያንን ሩጫ፣ ያችን «ኢህ!» ወረሷት። አንድ ጊዜ በሬዲዮ «የአገራችን የመንፈሳዊ ሮክ አባት» ሲሉት ሰማሁ። ሄጄ ስነግረው ሮክ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ስነግረው ደግሞ ረሳው። አንድ ሰሞን ከከተማ አዲስ ጊታር ይዘው መጡለት። የጎተራውን ክዳን በጓሳ ሣር ሲከድን ነበር፤ ወርዶ እጁን ታጠበ፣ በሶ አቀረበላቸው። ጊታሩን ተቀብሎ አየው፣ ክሩን ሳይነካ መለሰላቸው። «በእጄ የነበረውን ሰጥቻለሁ። ሌላ እጅ የለኝም» አላቸው። አስካለ ትምህርት ቤት ልጆች ነግረዋት «አባዬ፣ አንተ ነህ?» ብትለው፣ «እሱ የመምህሩ ቴፕ ነው» ይላት ነበር። መምህሩ እኔ ነኝ። ያን ዓመት የጠበቅኩት ውጤት መጥቶልኝ ፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ።

ሞተር ጉልበት ሲያጣ እንዴት እንደሚዘገይ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖርኩ፤ ምሳሌው ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው። ለራሴ ግን የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ፣ ከዚያ ከድሮው ቴፕ ውስጥ የጎረቤት ያለቀ ባትሪ ከትቼ ካሴቱን ከፈትኩ። የደከመ ቴፕ የቀዳው በደከመ ቴፕ ሲጫወት ወደ ቦታው ይመለሳል። ጋሽ ንጋቱ፣ ራሱ፣ ከዚያ ከበግ ፀጉር ክፍል ውስጥ፣ ዘመረልኝ። ወስጄ ላሰማው ወሰንኩ። ፈተና ማረም መጣ፣ ጉልበቴ መጣ፣ «ለሚቀጥለው ሚካኤል» አልኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ሚካኤል አለፈ።

አርባው ላይ ደረስኩ። ጠላው ተጠጣ፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ተሸኙ፣ ዕድርተኞቹ ድንኳኑን ማፍረስ ጀመሩ። አስካለ ጓዳ አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ የአባቷ ጋቢ ተሰቅሏል። ቴፑን መደቡ ላይ አስቀመጥኩና ባትሪዎቹን ከጋዜጣው ፈታሁ። ለምን ያለቁ እንደሆኑ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ አባቷ ለማንም አትንገር ያለኝን፣ ሻይ ቤቱን ጨምሮ።  ባትሪ ሳቀብላት ስታቀብለኝ አብረን ገጣጠምን። መጀመሪያ በጣም ዘገየ፣ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ሁለቱን አውጥቼ ከቤቱ የእጅ መብራት ትንሽ ነፍስ ያላቸውን ተካሁ።

ጊታሩ መጣ። ከዚያ ድምፁ። አልሮጠም። እየወረደ፣ በስንኞቹ መሐል እየተነፈሰ መጣ። አስካለ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቴፑን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም። ልክ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ያ ትንፋሽ መጣ፦ «እህህ»።

እጇ አፏን ያዘ።

«ከእርሻ መጥቶ ሲቀመጥ» አለችኝ። «ጫማውን ሊያወልቅ ሲቀመጥ፣ እንዲህ ነበር የሚለው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለው።»

ቴፑ «ተቀበለኝ» ላይ ደርሶ ቆመ፤ ባትሪው አለቀ። ባትሪዎቹን ላወጣ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። «ይተዉት፣ ጋሼ። ይረፍ» አለችኝ።

በመልሱ ሾፌሩ ያንኑ መዝሙር ከፈተው። ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የምጠላው መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ አልጠላሁትም። ያ የእኔ ውሸት ለብዙ ሰው ደስታ ሆኗል፣ ምን አደርገዋለሁ? ጋሽ ንጋቱ ያኔ ይቅር ያለኝን እኔ ለራሴ ይቅር ለማለት ስንት ዘመን ፈጀብኝ። እሱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ፣ የደከመውን ፈልጌ አንድ ቀን እንኳ አለመሄዴ ግን አሁንም ያመኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዘንቢሌን አንሥታ ቀለላት። ውስጡን አየች።

«ቴፑስ? ያለቁት ባትሪዎችህስ? የት ጣልካቸው?»

«አልጣልኳቸውም» አልኳት፣ ጫማዬን ላወልቅ እየተቀመጥኩ። «የሚፈልጋቸው ሰው ተገኘ።»